ስማችን ከነሪፖርቱ በሚወጣበት ግምገማ፣ የዲስክና የፒሲአር ጽሑፍ እንዴት ይታያል?

ኮሎኒ_ቆጣሪ (ጥያቄ)

ሰላም ለቤቱ።

ግልጽ የአቻ ግምገማ በሚያካሂድ መድረክ ላይ አንድ የማይክሮባዮሎጂ ጽሑፍ እንድገመግም ተጋብዣለሁ። ጽሑፉ ገና ሳይገመገም ተለጥፏል፣ ማንም ያነበዋል። የእኔ ሪፖርት ደግሞ ከነስሜና ከነመሥሪያ ቤቴ ከሥሩ ይወጣል። የትኛው ጽሑፍ እንደሆነ አልናገርም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከጥሬ ወተት ኢ. ኮላይ ይለያል፣ በዲስክ (መድኃኒት በተነከረ ክብ ወረቀት ዙሪያ ባክቴሪያው ያልበቀለበትን ዞን በመለካት) የመድኃኒት መላመድ ይለካል፣ ኢኤስቢኤል የሚባሉትን፣ እንደ ሴፎታክሲም ያሉ መድኃኒቶችን የሚሰብሩ ኢንዛይሞች የሚያሠሩ ጂኖች በፒሲአር (አንድን የዲኤንኤ ቁራጭ በሚያባዛ ዘዴ) ይፈለጋሉ፣ መጨረሻ ላይ የጥቂት ባክቴሪያዎች ሙሉ ጂኖም ይነበባል።

ጥያቄዎቼ፦ አንደኛ፣ «ግልጽ ግምገማ» በየመድረኩ የተለያየ ይመስላልና ከመቀበሌ በፊት ምን ልጠይቅ? ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ላይ በቅድሚያ የሚታየው ምንድን ነው? «ዘዴው በደንብ ቢብራራ ጥሩ ነው» ብሎ ማለፍ አልፈልግም፤ ቁጥር ይዤ መጠየቅ እፈልጋለሁ። ሦስተኛ፣ መስካችን ጠባብ ነው። ደራሲዎቹ በማዕረግ የሚበልጡን ሲሆኑ «ይህ ድምዳሜ አይቆምም» የሚለው በስም ተፈርሞ እንዴት ይጻፋል?

ቀይ_እስክሪብቶ

ወንድም ይሁኑ እህት ስላላወቅሁ አንቱ እላለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ ግብዣውን ከመቀበልዎ በፊት መልስ የሚፈልግ ነውና ከእሱ ልጀምር።

«ግልጽ» የሚለው ቃል ቢያንስ አራት ነገር ተሸክሟል። ሪፖርቱ ይወጣል ወይ? የገምጋሚው ስም ይወጣል ወይ? ጽሑፉ ከግምገማው በፊት ለሕዝብ ይታያል ወይ? ያልተጋበዘ ሰው አስተያየት መስጠት ይችላል ወይ? ኤምቦ ጆርናል ከ2009 ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው የምጽፈው) ሪፖርቶቹን ከደራሲዎቹ መልስ ጋር ያወጣል፤ ገምጋሚዎቹ ግን በስም አይታወቁም። ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ በ2016 በደራሲው ፈቃድ ጀምሮ በኖቬምበር 2022 ግዴታ አደረገው፤ ኔቸር ራሱ በጁን 2025 ለአዲስ ጽሑፎች ተከተለ። በሁለቱም ስምን ማውጣት የገምጋሚው ምርጫ ነው። ፒርጄ ላይ ሪፖርቱን ማውጣት ለደራሲው፣ ስሙን ማውጣት ለገምጋሚው የተተወ ነው።

ኢላይፍ በ2023 መጀመሪያ ከሁሉም ርቆ ሄደ። ለግምገማ የተላከ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ «ተቀባይነት አገኘ» ወይም «ወደቀ» አይባልም፤ ከሪፖርቶቹና ከአንድ አጭር የኤዲተሮች ምዘና ጋር ይወጣል። ምዘናው ሁለት መለኪያ አለው፤ አንዱ የግኝቱን ክብደት፣ ሌላው የማስረጃውን ጥንካሬ ይናገራል። ለማስረጃው የሚመረጡት ቃላት አስቀድመው የተቆረጡ ናቸው፤ ከላይ «ልዩ» ከሚለው ተነሥተው ወደ «ጠንካራ»፣ «ያልተሟላ» እና «በቂ ያልሆነ» ይወርዳሉ። ይህን ለጊዜው ያዙት፣ ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ስመጣ ይጠቅመናል።

የእርስዎ መድረክ ከገለጻዎ ኤፍ1000 ሪሰርች የሚሠራበትን ዓይነት ይመስላል። እዚያ ስም ግዴታ ነው። ገምጋሚው ከሦስት አንዱን ይመርጣል፤ ጸድቋል፣ ከማሳሰቢያ ጋር ጸድቋል፣ አልጸደቀም። ምርጫው ክብደት ያለው ነው። ጽሑፉ ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ) ውስጥ የሚገባው ወይ ሁለት «ጸድቋል» ሲያገኝ፣ ወይ አንድ «ጸድቋል» እና ሁለት «ከማሳሰቢያ ጋር» ሲያገኝ ነው። ስለዚህ «ከማሳሰቢያ ጋር» ማለት የጨዋነት «አይ» አይደለም፤ ግማሽ ድምፅ ነው። ዋናው ድምዳሜ በመረጃው የማይደገፍ ከሆነ ትክክለኛው ምርጫ «አልጸደቀም» ነው፣ ደራሲዎቹም አስተካክለው 2ኛ እትም ማውጣት ይችላሉ።

ሌላው፣ በእንዲህ ዓይነት መድረክ ደራሲዎቹ ራሳቸው ገምጋሚ ሊጠቁሙ ይችላሉ። ግብዣው ከመድረኩ ቢመጣም ስምዎን የሰጠው ደራሲው ሊሆን ይችላል። ባለፉት 3 ዓመታት ከእነሱ ጋር አብረው ጽሑፍ ካወጡ፣ በአንድ ተቋም ካሉ ወይም በአንድ የገንዘብ ድጋፍ ላይ ካሉ ይተዉት። በመስካችን ጥበት የተነሣ «አንተዋወቅም» ማለት ብዙ ጊዜ ውሸት ነው። መተዋወቁ ብቻውን አያስከለክልም፤ መጻፍ ነው፣ «የጥቅም ግጭት» በሚለው ሳጥን ውስጥ በአንድ መስመር።

እትሙንም ልብ ይበሉ። ሪፖርትዎ ከ1ኛው እትም ጋር ታስሮ የራሱን ዲኦአይ (ቋሚ መለያ ቁጥር) ይዞ ይኖራል፣ ደራሲዎቹ ሁሉንም ነገር ቢያስተካክሉም አይነሣም። «ሠንጠረዥ 3 ላይ» ብቻ ሳይሆን «በ1ኛው እትም ሠንጠረዥ 3 ላይ» ብለው ይጻፉ። አለዚያ ከዓመት በኋላ የሚያነብ ሰው የሌለ ስሕተት የጠቆሙ ያስመስልብዎታል።

በነገራችን ላይ፣ ይህ ጥያቄ እዚህ ሊነሣ የቻለው ጽሑፉ አስቀድሞ ለሕዝብ ስለተለጠፈ ነው። በዝግ ግምገማ የደረሰን ጽሑፍ በጨረፍታም ቢሆን እዚህ ማምጣት አይቻልም፤ ቻትቦት ውስጥ መለጠፍም እንደዚያው።

ሙለር_ሂንተን

ስለ ዲስኩ እኔ ልናገር። መጀመሪያ የዘዴውን ክፍል ትታችሁ ሠንጠረዡን ክፈቱ። የዞኑ ስፋት በሚሊ ሜትር ተሰጥቷል ወይስ «ሬዚስታንት» (የተላመደ) እና «ሴንሲቲቭ» (መድኃኒቱ የሚሠራበት) ብቻ ነው የተጻፈው? ስፋቱ ከሌለ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ያ ይሁን፤ የእያንዳንዱ ባክቴሪያ ለእያንዳንዱ ዲስክ የተለካ ስፋት፣ በአባሪ ፋይል። አዲስ ሙከራ አይጠይቅም፣ ደብተራቸው ላይ አለ። ቀጥሎ የምላቸውን ሁሉ ማረጋገጥ የሚቻለውም በእሱ ነው።

ስፋቱ ለምን እንዳስፈለገ በሴፎታክሲም ላሳይ። ዞን የሚተረጎምባቸው ሁለት መመሪያዎች አሉ፤ የአሜሪካው ሲኤልኤስአይና የአውሮፓው ዩካስት። ሲኤልኤስአይ 30 ማይክሮግራም ዲስክ ይጠቀማል፤ 26 ሚሜና በላይ ሴንሲቲቭ፣ 22 ሚሜና በታች ሬዚስታንት። ዩካስት ደግሞ 5 ማይክሮግራም ዲስክ ይጠቀማል፤ 20 ሚሜና በላይ ሴንሲቲቭ፣ ከ17 በታች ሬዚስታንት። አሁን አንድ ላቦራቶሪ ገበያ ላይ ያገኘውን ባለ 30 ዲስክ ገዝቶ፣ ሰንጠረዡን ግን ነፃ ስለሆነ ከዩካስት አወረደ እንበል። ዞኑ 21 ሚሜ ወጣ። በዩካስት ሠንጠረዥ «ሴንሲቲቭ» ይባላል፣ በሲኤልኤስአይ ግን ጥርት ያለ ሬዚስታንት ነው። ያንኑ 21 ሚሜ ከ2010 በፊት በነበረው የሲኤልኤስአይ ሠንጠረዥ ብታነቡት መካከለኛ ይሆናል። አንድ ዞን፣ ሦስት መልስ። ስለዚህ ዘዴው ውስጥ የዲስኩ መጠን፣ የመመሪያው ስምና የእትሙ ዓመት ሦስቱም ሊኖሩ ይገባል። «በሲኤልኤስአይ መሠረት» ብቻ ማለት «በመጽሐፉ መሠረት» እንደማለት ነው። ሲፕሮፍሎክሳሲንም በ2019 ተቀይሯል፤ ለኢ. ኮላይ ሴንሲቲቭ ይባል የነበረው 21 ሚሜ ዛሬ ሬዚስታንት ነው።

ዩካስትን የተከተሉ ከሆነ ደግሞ «አይ» የሚለውን ምድብ ምን እንዳደረጉት ተመልከቱ። ከ2019 ጀምሮ በዩካስት «አይ» ማለት መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ይሠራል ማለት ነው፣ መካከለኛ ማለት አይደለም። ከሬዚስታንት ጋር ደምረው በመቶኛ ካወጡት ቁጥሩ ያብጣል።

ከዚያ ጥራት ቁጥጥር። ኢ. ኮላይ ኤቲሲሲ 25922 (ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ማነጻጸሪያ ባክቴሪያ) ተጠቅመናል ማለት አይበቃም፤ ስንት ሚሜ ወጣ? ለባለ 30 ሴፎታክሲም ከ29 እስከ 35፣ ለባለ 5 ከ25 እስከ 31 መሆን አለበት። ከዚህ ዝቅ ካለ ዲስኩ ደክሟል ወይም አጋሩ (ባክቴሪያው የሚበቅልበት ምግብ) ወፍሯል ወይም ባክቴሪያው በዝቶ ተዘርቷል፤ ሦስቱም ዞኑን ያጠባሉ፣ ሴንሲቲቩን ሬዚስታንት ያስመስላሉ። የአጋሩ ውፍረት 4 ሚሜ ነው፤ 90 ሚሜ በሆነ ፔትሪ ዲሽ 25 ሚሊ ሊትር ያህል ማለት ነው። በእጅ በግምት ሲፈስ 15 ሚሊ ሊትር ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ያኔ ዞኑ ይሰፋል። የሚዘራው ፈሳሽ 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ)፣ ማለትም በሚሊ ሊትር ከ1 እስከ 2 መቶ ሚሊዮን ሕዋስ። የዩካስት 15-15-15 የሚባለው ደንብም አለ፤ ፈሳሹ በተዘጋጀ በ15 ደቂቃ ይዘራ፣ በተዘራ በ15 ደቂቃ ዲስኩ ይቀመጥ፣ ዲስኩ በተቀመጠ በ15 ደቂቃ ኢንኩቤተር ይግባ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ኢንኩቤተሩ በ35 ዲግሪ ለ18 ሰዓት መቆየቱን የሚመዘግብ ነገር ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። የዲስኩ አያያዝም እንዲሁ፤ የክምችቱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ፣ እርጥበት ከሚመጥ ነገር ጋር። ቀዝቃዛ ካርትሪጅ ክፍሉ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ከተከፈተ ጤዛ ይይዛል፣ ቤታ-ላክታሞቹም (የፔኒሲሊንና የሴፎታክሲም ወገኖች) በፍጥነት ይበላሻሉ።

አሁን ደግሞ ብዙ ጽሑፍ የሚወድቅበት። የመድኃኒቶቹን ዝርዝር አንብቡና ለኢ. ኮላይ ትርጉም የሌላቸውን አስምሩ። ቫንኮማይሲን፣ ፔኒሲሊን ጂ፣ ኤሪትሮማይሲን። ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያ በተፈጥሮው ቫንኮማይሲን አያሳልፍም፤ ሞለኪውሉ ግዙፍ ነው፣ የውጪውን ሽፋን አያልፍም። «100 በመቶ ተላምደዋል» የሚለው ውጤት ስለ ወተቱም ስለ ገበሬውም ምንም አይነግረንም። ከዚያ የባሰው፣ እነዚህ ተደምረው «ብዙ መድኃኒት የተላመደ» የሚለውን ቁጥር ያሳብጣሉ። የተለመደው ፍቺ በ3 ወይም ከዚያ በላይ የመድኃኒት ምድቦች ውስጥ ቢያንስ አንድ አንድ መድኃኒት አለመሥራት ነው፤ በተፈጥሮ የማይሠሩት አይቆጠሩም። ቆጥረዋቸው ከሆነ አውጥተው እንደገና ያስሉ። ኮሊስቲን በዲስክ ከተለካ ደግሞ ያ ዓምድ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ሞለኪውሉ በአጋር ውስጥ በደንብ አይሰራጭም፣ የዞኑ ስፋት ከትክክለኛው ልኬት ጋር አይሄድም፤ የሚመከረው ብሮዝ ማይክሮዳይሉሽን (መድኃኒቱን በፈሳሽ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እያቀጠኑ መለካት) ነው።

የመጨረሻው ስለ ቆጠራ። ከአንድ የወተት ናሙና 3 ኮሎኒ ተወስዶ እንደ 3 ባክቴሪያ ከተቆጠረ ምናልባት አንዱን ሦስት ጊዜ ነው የቆጠሩት። አካፋዩ ናሙና ነው ወይስ ኮሎኒ? ትንሽ ቁጥር ሲሆን ደግሞ የመተማመኛ ወሰን ጠይቁ። ከ8 ውስጥ 5 ማለት 62.5 በመቶ ነው፤ ግን በዊልሰን ስሌት 95 በመቶ ወሰኑ ከ31 እስከ 86 ነው። በእንዲህ ያለ ቁጥር «ከባለፈው ጥናት ጨምሯል» ማለት አይቻልም።

ባዶ_ቱቦ

ሙለር ሂንተን ያለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት። 25922 ሴንሲቲቭ ባክቴሪያ ነው። ኢኤስቢኤልን ለማረጋገጥ ሴፎታክሲምና ሴፍታዚዲም ለየብቻቸውና ከክላቭላኔት (ኢኤስቢኤልን ከሚያግድ ንጥረ ነገር) ጋር ሲቀመጡ፣ የ5 ሚሜና ከዚያ በላይ መስፋት ነው የሚፈለገው። ክላቭላኔቱ ደክሞ ቢሆን 25922 አይነግራችሁም፤ እዚያ ላይ ልዩነት እንዲታይም አይጠበቅም። የሚነግራችሁ ኢኤስቢኤል ያለው ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ ኤቲሲሲ 700603 ነው። እሱም ጂኑን የተሸከመው በፕላዝሚድ ስለሆነ ደጋግመው ሲያሻግሩት ይጥለዋል። «ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ አልሠራም» የሚል ነገር ጽሑፍ ላይ አይጻፍም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ጠይቁ።

ወደ ፒሲአሩ። «የኢኤስቢኤል ጂኖች ተገኝተዋል፤ ቴም በዚህን ያህል፣ ኤስኤችቪ በዚህን ያህል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለ እዚያ ላይ ቁሙ። ቴም፣ ኤስኤችቪና ሲቲኤክስ-ኤም የጂን ቤተሰቦች ስም ናቸው። ቴም-1 ኢኤስቢኤል አይደለም፤ አምፒሲሊንን ይሰብራል እንጂ ሴፎታክሲምን አይነካም። ኤስኤችቪ-1ም እንደዚያው፣ ክሌብሲዬላ ኒሞኒዬ ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል ክሮሞዞሙ ላይ ይዞት ይወለዳል። ተራ ፕራይመር (ፒሲአሩ የሚነሣበት አጭር ዲኤንኤ) ቴም-1ን ከኢኤስቢኤል ቴሞች አይለይም፤ ልዩነቱ የአንድ ወይም የሁለት አሚኖ አሲድ ነው፣ ጄል ላይ የሚታየው ባንድ (የተባዛው ዲኤንኤ መስመር) ግን አንድ ዓይነት ርዝመት አለው። ስለዚህ ባንዱ የሚፈቅደው «የቴም ቤተሰብ ጂን ተገኝቷል» ማለትን ብቻ ነው። «ኢኤስቢኤል» ለማለት የባንዱ ቅደም ተከተል በሳንገር ይነበብ። ሁሉንም ማንበብ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከየዓይነቱ የተወሰኑትን ማንበብና የቀሩትን «ቤተሰቡ ብቻ ታውቋል» ማለት በቂ ነው። ሲቲኤክስ-ኤም ሲሆን ነገሩ ይቀላል፣ ቤተሰቡ ሁሉ ኢኤስቢኤል ነው። ግን ለክሌብሲዬላ ኦክሲቶካ ተጠንቀቁ፤ የራሱ ክሮሞዞም ላይ ያለው ኦክስዋይ የሚባል ጂን በአንዳንድ አጠቃላይ የሲቲኤክስ-ኤም ፕራይመሮች ይባዛል።

ስሜን ያወጣሁበት ጉዳይ አለ፣ ባዶው ቱቦ። ዲኤንኤ ያልገባበት፣ ውኃ ብቻ የተጨመረበት ኮንትሮል ጄሉ ላይ ይታያል ወይ? በቴም ላይ ይህ ከምንም በላይ ያስፈልጋል። ብዙ የገበያ ታክ ፖሊሜሬዝ (ፒሲአሩን የሚያካሂደው ኢንዛይም) የሚመረተው በኢ. ኮላይ ውስጥ፣ የአምፒሲሊን መላመድ ጂን ባለው ፕላዝሚድ ነው፤ ያ ጂን ራሱ ቴም ነው። የኢንዛይሙ ማጣሪያ ፍጹም ካልሆነ ቅሪቱ ቱቦው ውስጥ አለ፣ 35 እና 40 ዑደት ሲሮጥ ባንድ ይሆናል። ባዶው ቱቦ ባንድ ካሳየ የቴም ዓምድ በሙሉ ይወድቃል። ባዶው ቱቦ ጄሉ ላይ ከሌለ ደግሞ ይወድቅ አይወድቅ አይታወቅም። ሁለተኛ ባዶም አለ፤ ባክቴሪያ ሳይገባበት ከዲኤንኤ ማውጣቱ ጀምሮ ከናሙናዎቹ ጋር የተጓዘ። እሱ የላቦራቶሪውን ብክለት ይናገራል።

በተቃራኒው ወገን፣ ዲኤንኤው በማፍላት ብቻ የወጣ ከሆነ (አብዛኛው ጊዜ እንደዚያ ነው፣ ርካሽ ነው፣ ችግር የለውም) ፒሲአርን የሚያግዱ ነገሮች አብረው ይቀራሉ። ስለዚህ «ጂኑ የለም» የተባለው ቱቦ ውስጥ ፒሲአሩ መሥራቱን የሚያሳይ ሌላ ጂን መኖር አለበት። ለኢ. ኮላይ ዩአይዲኤ የሚባለው ጂን ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ፒሲአሩ እንደሠራም ባክቴሪያው ኢ. ኮላይ እንደሆነም ይመሰክራል። ኢኤምቢ አጋር ላይ አረንጓዴ ብረታማ አንጸባራቂ ታየ ብሎ ብቻ ኢ. ኮላይ ማለት አይበቃም፤ ቢያንስ ኢንዶልና ሜቲል ሬድ ፖዘቲቭ፣ ቮግስ ፕሮስካወርና ሲትሬት ኔጋቲቭ መሆናቸው ይጠቀስ።

የጄሉ ፎቶ ያልተቆረጠ ይምጣ፣ ላደሩና (የርዝመት ማስተያያው) ኮንትሮሎቹ በዚያው ጄል ላይ ሆነው። በፎቶ ላይ የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ ግን፣ አንድ ሌን (የአንድ ናሙና ዓምድ) ሁለት ቦታ የተደገመ ቢመስል፣ በግልጽ ሪፖርቱ ውስጥ አትክሰሱ። ሪፖርቱ ሳይነካካ ይለጠፋል፣ ተሳስታችሁ ቢሆን የሰው ስም ነው። ሪፖርቱ ላይ «ያልተቆረጡት ፎቶዎች በአባሪ ይቅረቡ» በሉ፤ ጥርጣሬውን ለኤዲቶሪያል ቢሮ በኢሜይል ለብቻ ጻፉ፣ የትኛው ምስል፣ የትኛው ሌን ከየትኛው ሌን ጋር ብላችሁ። ይህ ተራ ጥንቃቄ ነው። ማይክሮባዮሎጂስቷ ኤሊዛቤት ቢክ ከባልደረቦቿ ጋር በ2016 ያወጣችው ጥናት 20,621 ጽሑፎችን በዓይን አይቶ በ3.8 በመቶው አጠራጣሪ ምስል አግኝቷል። ከነዚህም ውስጥ በስሕተት የተለጠፈ አለ።

ኮንቲግ

ስለ ጂኖሙ አጭር ልበል፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ጥሬው መረጃ አለ ወይ?

የመረጃ ቋት ቁጥር ተሰጥቶ ከሆነ ክፈቱት። ኤስአርኤ ወይም ኢኤንኤ (ጥሬ የጂኖም ንባብ የሚቀመጥባቸው ቋቶች) ላይ ግቡና ፋይሉ መኖሩን፣ ቁጥሩ የእነሱ ባክቴሪያ መሆኑን፣ የናሙናዎቹ ብዛት ከጽሑፉ ጋር መግጠሙን እዩ። «ሲጠየቅ ይሰጣል» የሚለው ሐረግ በግልጽ መድረክ ላይ ቦታ የለውም። ፋይሉ አለ ተብሎ ግን እስከ ኅትመት ተቆልፎ ከሆነ፣ ጽሑፉ አስቀድሞ ወጥቷልና መቆለፊያው ይከፈት በሉ።

ቀጥሎ አራት ቁጥር ጠይቁ። የተሰበሰበው ጂኖም ርዝመት፦ የኢ. ኮላይ ኬ-12 4.64 ሚሊዮን ቤዝ ነው፣ ሌሎቹ 5 ሚሊዮንና ትንሽ በላይ ይደርሳሉ። 8 ሚሊዮን የሚል ካያችሁ ኮሎኒው ድብልቅ ነበር። የጂሲ መጠኑ (ከቤዞቹ ውስጥ የጂና የሲ ድርሻ) ከ50 በመቶ ትንሽ በላይ መሆን አለበት። ብክለቱ በቼክኤም ፕሮግራም ከ5 በመቶ በታች ይሁን። የንባብ ጥልቀቱ (እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ እንደተነበበ) ከ30 እጥፍ ካነሰ «ጂኑ የለም» የሚለው ውጤት አይታመንም። በዲስክ ሬዚስታንት ሆኖ ጂኖሙ ላይ ምንም ያልተገኘበት ባክቴሪያ ካለ ደግሞ ዝም ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ ወይ ዲስኩ ተሳስቷል፣ ወይ ጂኑ በተቆራረጠ ቦታ ወድቋል፣ ወይ የራሱ አምፕሲ የተባለ መድኃኒት ሰባሪ ኢንዛይም በዝቶ እየተመረተ ነው። ሁለቱን መረጃ ባክቴሪያ በባክቴሪያ ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ጠይቁ፤ ብዙ ጽሑፍ ይህን ሠንጠረዥ የሚሸሸው ስለማይገጥም ነው።

ጥሬ መረጃ ለምን እንደሚያስፈልግ የማይረሳ ምሳሌ አለ። በኖቬምበር 2015 ፒኤንኤኤስ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ የውኃ ድብ የሚባለው ታርዲግሬድ ከጂኖቹ 17.5 በመቶ ያህሉን ከባክቴሪያና ከሌሎች ፍጡሮች ወስዷል አለ። የኤዲንብራ ተመራማሪዎች ያንኑ ዝርያ ራሳቸው እያነበቡ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ባዮአርካይቭ (ያልተገመገሙ ጽሑፎች የሚለጠፉበት ድረ ገጽ) ላይ መልሳቸውን ለጠፉ። የመጀመሪያው ጂኖም 212 ሚሊዮን ቤዝ ነበር፣ የእነሱ ከተጣራ በኋላ 135 ሚሊዮን። ያሳዩት መንገድ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ቁራጭ በአንድ ዘንግ በጂሲ መጠኑ፣ በሌላው በንባብ ጥልቀቱ አስቀመጡት። የእንስሳው ቁራጮች አንድ ቦታ ተከማቹ፤ «የተሰረቁት» ጂኖች ደግሞ ለብቻቸው፣ በሌላ ጥልቀት፣ አብረውት ይኖሩ የነበሩ ባክቴሪያዎች ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ በሳምንታት ሊጣራ የቻለው የሁለቱም ወገን ንባብ በግልጽ ስለተቀመጠ ነው። ለኢ. ኮላይም ያንኑ ሥዕል መጠየቅ ትችላላችሁ፤ የሚሠራው ፕሮግራም በነፃ ይገኛል።

ኮሎኒ_ቆጣሪ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ከጠበቅሁት በላይ ነው። የዞን ስፋት የለም፣ ቴም «ኢኤስቢኤል» ተብሏል፣ ቫንኮማይሲንም አለ፤ የዘረዘራችሁት ሁሉ ማለት ይቻላል ተገኝቷል።

አሁን ሦስተኛው ነው የቀረኝ፣ ይሉኝታው። «ከማሳሰቢያ ጋር» ብዬ ልለፈው የሚል ስሜት አለ። ሌላ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ብዘረዝር ደራሲዎቹን መቅጣት አይመስልም?

ቀይ_እስክሪብቶ

ይሉኝታ ለሰው ነው፣ ለቁጥር አይደለም። ስለዚህ ከሪፖርቱ ውስጥ ሰውን አውጡት። «ደራሲዎቹ አላስተዋሉም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰው ላይ ነው። «በ1ኛው እትም ሠንጠረዥ 2 ላይ ቴም ያላቸው ባክቴሪያዎች ኢኤስቢኤል ተብለዋል፤ የተጠቀሙበት ፕራይመር ቴም-1ን አይለይም፤ ወይ ቅደም ተከተሉ ይነበብ ወይ ቃሉ ይለወጥ» የሚለው ነገሩ ላይ ነው። አራት ነገር በተከታታይ አለበት፤ የት ቦታ፣ ምን ተባለ፣ ለምን አይቆምም፣ ምን ያስተካክለዋል። አራተኛው ከሌለ አስተያየቱን አትጻፉት፣ ማማረር ነው።

ከዚያ መደልደል። አንደኛው ክምር፣ ካልተስተካከለ ድምዳሜው የሚወድቅበት፤ እንደገለጹት ከሆነ ባዶው ቱቦ፣ የዞን ስፋቱና የቴም ስያሜው። እነዚህን ቁጥር ሰጥታችሁ ከላይ አስቀምጡ፣ ከአራት ካለፉ ራሳችሁን ተጠራጠሩ። ሁለተኛው፣ እንደገና በማስላት ብቻ የሚስተካከል፤ ቫንኮማይሲንን ማውጣት፣ የመተማመኛ ወሰን መጨመር። ሦስተኛው ፊደልና አቀራረብ፤ በአንድ አንቀጽ ይለቅ። አዲስ ሙከራ ስትጠይቁ ደግሞ ዋጋውን አስቡ። ፕራይመርና ኢንዛይም ከውጭ እስኪገባ ወራት ለሚጠብቅ ላቦራቶሪ «20 ተጨማሪ ጂኖም ይነበብ» ማለት ግምገማ አይደለም። ብዙ ጊዜ ድምዳሜውን ዝቅ ማድረግ ሙከራውን ይተካል፤ «ኢኤስቢኤል ጂን» የሚለውን «የቴም ቤተሰብ» ማለት አንድ ብር አያስወጣም። ሁለቱንም መንገድ ስጧቸው፣ ይምረጡ።

የኢላይፍን ቃላት ያዙ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር። «ደካማ ሥራ» ሰውን ይነካል፤ «ማስረጃው ያልተሟላ ነው» ግን የቀረውን ይጠቁማል። የሠሩትን መልካም ነገርም ጻፉ፣ በቁጥር። «ጠቃሚ ጥናት» ባዶ ነው፤ «ናሙና አወሳሰዱ ቀንና ቦታ ተለይቶ ተመዝግቧል፣ ሌላ ሰው ሊደግመው ይችላል» ግን ደራሲውም አንባቢውም የሚጠቀምበት ነው።

«ከማሳሰቢያ ጋር» ላይ፦ ባዶው ቱቦ በሌለበት የፒሲአሩ ውጤት ሁሉ ተንጠልጥሏል። ፒሲአሩ የጽሑፉ አርእስት ውስጥ ካለ «አልጸደቀም» ነው። ዋናው ነገር ዲስኩ ሆኖ ፒሲአሩ ተጨማሪ ከሆነ «ከማሳሰቢያ ጋር» ያስኬዳል። አርእስቱን አይተው ይወስኑ።

በዝግ ግምገማ የሚሰጥ ሙገሳ ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት የአርሴኒኩን ባክቴሪያ ያስታውሱ። በዲሴምበር 2010 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጽሑፍ፣ ከካሊፎርኒያው ሞኖ ሐይቅ የተለየው ጂኤፍኤጄ-1 በዲኤንኤው ውስጥ በፎስፈረስ ፈንታ አርሴኒክ ይጠቀማል አለ። የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዋ ሮዚ ሬድፊልድ በቀናት ውስጥ ብሎግዋ ላይ ነጥብ በነጥብ ጻፈችበት፤ «ፎስፌት የሌለበት» የተባለው ፈሳሽ 3 ማይክሮሞላር ያህል ፎስፌት ነበረበት፣ ይህ ለመጠነኛ እድገት ይበቃል፤ ዲኤንኤውም አርሴኒክ እንዳለበት ከመመርመሩ በፊት በበቂ አልታጠበም። ሁለቱም የባዶ ቱቦ ዓይነት ጥያቄዎች ናቸው። ከሌሎች ጋር ሆና በ2012 ዲኤንኤውን በሲዚየም ክሎራይድ አጣርተው ሲለኩ አርሴኒኩ አልተገኘም። የመጀመሪያዎቹ ገምጋሚዎች የጻፉት ሪፖርት የታየው በ2013 ነው፣ ያውም ጋዜጠኛ በአሜሪካ የመረጃ ነፃነት ሕግ ጠይቆ፤ በአብዛኛው ሙገሳ ነበር። ጽሑፉ የተሰረዘው በጁላይ 2025 ነው። ሬድፊልድ የጻፈችው ስለ ማጠብና ስለ ማይክሮሞላር ስለነበር ዛሬም ይነበባል።

ባዶ_ቱቦ

ለ2ኛው እትም አንድ ነገር ልተውላችሁ። ሲመለስ የደራሲዎቹን የመልስ ደብዳቤ ከማንበባችሁ በፊት ሁለቱን እትሞች ጎን ለጎን ክፈቱና ቁጥሮቹን አነጻጽሩ። የዞን ስፋቱ በአባሪ ሲመጣ ሠንጠረዡ ላይ ካለው የሬዚስታንት ቁጥር ጋር ራሳችሁ ቁጠሩት፤ በስፕሬድሺት አምስት ደቂቃ ነው። ስፋቶቹ ሁሉ በ0 እና በ5 የሚያልቁ ከሆነ (15፣ 20፣ 25) በማስመሪያ አልተለኩም፣ በዓይን ተገምተዋል። አዲስ ጄል ከመጣ ባዶው ቱቦ በዚያው ጄል ላይ፣ ከናሙናዎቹ ጋር በአንድ ፎቶ መሆኑን እዩ፤ ለብቻው በሌላ ቀን የተሮጠ ባዶ ስለ መጀመሪያው ቀን አይመሰክርም። ቁጥር ተቀይሮ ደብዳቤው ላይ ያልተጠቀሰ ካለ ያንን ብቻ ጠይቁ፣ ሌላ አዲስ ጥያቄ አታምጡ።